ሹመት ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይፈለጋል?

ሹመት ምንድን ነው?

ሹመት ማለት የሕዝብን ሥራ እንዲሠራ ለአንድ ሰው የሚሰጥ አደራ ነው። አደራውን የተቀበለው ሰው ሹም ይባላል። ሹም አስተዳደር ይመራል፣ ግብር ያስከፍላል፣ መንገድ ያሠራል፣ ጸጥታ ያስከብራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በገዛ ጉልበቱ አይደለም። ሕግ በሰጠው ሥልጣን ነው። ደመወዙም የሚወጣው ገበሬው፣ ነጋዴውና ሠራተኛው ከሚከፍሉት ግብር ነው።

ሰው ሲሾም ወዳጅ ዘመዱ «ሹመት ያዳብር!» ይለዋል። መልካም ምርቃት ነው። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ይህን ሰው ማን ሾመው? በምን መንገድ ተሾመ? ሌላው ሰውስ እንዲህ ያለውን ሥራ ቢፈልግ በየት በኩል ይሂድ?

ይህን አለማወቅ ብዙ ያስከፍላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ ትምህርት የጨረሰለት ገበሬ ነው እንበል። በገበያ ቀን አንድ ደላላ ያገኘዋል። «አባባ፣ ወረዳ ውስጥ ሰው አለኝ። ትንሽ ገንዘብ ካገኘሁ ልጅዎን ሥራ አስገባልዎታለሁ» ይለዋል። ገበሬው በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ይሰጠዋል። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ልጁ ሥራ አልገባም። የደላላው ስልክም አይነሳም። ክረምት ሲገባ ጥማዱ ጎድሏል። መሬቱም ጦሙን ያድራል።

ይህ ገበሬ የተታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በሩ የት እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። በሩን የሚያውቅ ሰው በር ከፋች አይገዛም። እንግዲህ በሩን አንድ በአንድ እንመልከት። አስቀድመን ግን ዱሮ እንዴት እንደነበረ እንይ። የዛሬው ልማድ ሥሩ እዚያ ነውና።

ዱሮ፦ ደጅ ጥናት

በነገሥታቱ ዘመን የሹመት ምንጭ ንጉሡ ነበር። ከንጉሡ በታች ያሉት መኳንንትም በየግዛታቸው ይሾሙ ነበር። ሹመት የፈለገ ሰው ወደ ጌታው ግቢ ይሄዳል። ከደጃፉ ይቆማል። ማለዳ ይመጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባም እጅ ይነሳል። ይህ ወር ሊፈጅ ይችላል። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሥራ ደጅ ጥናት ይባል ነበር። ሰውየውም ደጅ ጠኚ ነው። ባዶ እጁን አይሄድም፤ እጅ መንሻ ይይዛል። ጉዳዩን ለጌታው የሚያስታውስለት አማላጅም ይፈልጋል።

ይህ መንገድ ለገበሬ አይሆንም ነበር። ገበሬ እርሻውን ጥሎ ዓመት ሙሉ ደጅ ቢጠና ማን ያርስለታል? ስንቁንስ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ደጅ የሚጠኑት ጊዜና ስንቅ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

ደግሞም የተሾመው ሰው የወር ደመወዝ አልነበረውም። ኑሮው በተሾመበት አገር ገበሬ ላይ ነበር። እህል ይቀበላል፣ ማር ይቀበላል፣ ጉልበትም ያሠራል። በዱሮ አነጋገር አንድ ሰው አንድ አገር «በላ» ከተባለ በዚያ አገር ላይ ተሾመ ማለት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚህ ኑሮ ጋር ይሄዳል። ሹሙ መቼ እንደሚሻር አያውቅም። ስለዚህ ባለው ጊዜ ቶሎ መሰብሰብ ይፈልጋል። የሚሰበስበው ደግሞ ከገበሬው ጎተራ ነው።

ይህ ሲባል በዚያ ዘመን ችሎታ ፈጽሞ አይታይም ነበር ማለት አይደለም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ማስታወስ ይበቃል። ትውልዳቸው ከአምቦ በስተ ደቡብ ባለው በጨቦ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ተወሰዱ። በአፄ ምኒልክ ዘንድ በሥራቸው እየታወቁ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ሄዱ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1919 ዓ.ም. እስከሞቱ ድረስም ከአገሪቱ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «አባ መላ» እያለ ያነሳቸዋል።

ምርኮኛ የነበረ ልጅ የጦር ሚኒስትር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ችሎታቸው የታየው በአንድ ሰው ዓይን ነው። ያ ሰው ንጉሡ ነበር። ንጉሡ ባያዩዋቸው ኖሮስ? እንደ እሳቸው ችሎታ ኖሯቸው ሳይታዩ የቀሩ ስንት ነበሩ? ሹመት በአንድ ሰው ዓይን ላይ ብቻ ከቆመ ብዙ አዋቂ ይቀራል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተጻፈ ሕገ መንግሥት መጣ። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. ታወጀ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። ሆኖም የመሾምና የመሻር ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ ቀረ።

በ1934 ዓ.ም. ስለ አገር አስተዳደር ሕግ ወጣ። አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። አምቦ በዚያ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አውራጃው ደግሞ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር።

ይህ ሕግ አንድ መልካም ነገር አመጣ። ሹም ከመንግሥት ደመወዝ እንዲከፈለው አደረገ። ነገር ግን የአውራጃው ገዥ ከላይ ይላካል እንጂ የጅባትና የሜጫ ገበሬ አይመርጠውም። ቢበደልም አይሽረውም። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ይመረጥ ነበር። ይሁንና በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛ ወደዚያ በር አይደርስም ማለት ነው።

በ1950ዎቹ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚቆጣጠር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሹመትና ቅጥር መለያየት ጀመሩ። ይህን ልዩነት ወደ ፊት እናየዋለን።

በተራ የሚመጣ ሥልጣን፦ ገዳ

በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ከደጅ ጥናት ፈጽሞ የተለየ ሌላ መንገድም ነበር። እሱም የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ ሥልጣን በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። አባ ገዳው ጊዜው ሲያልቅ ለተረኛው ያስረክባል። አልለቅም ማለት የለም። ወደ ሥልጣን የሚመጡት ሰዎችም አስቀድመው በየእርከኑ ለብዙ ዓመታት ይማራሉ፣ ይፈተናሉ። በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የሚደረግበት ቦታ ነው። በ2009 ዓ.ም. የገዳ ሥርዓት በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ገዳም ጉድለት አለው። የገዳው ሥልጣን የወንዶች ነው፤ ሴቶች አባ ገዳ አይሆኑም። ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ሥልጣን ጊዜ ተወስኖለት መሰጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥልጣን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ መማር አለበት።

ከሌላው ዓለምም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በቻይና ከ1,000 ዓመት በላይ ሹማምንት የሚመረጡት በጽሑፍ ፈተና ነበር። የድሃ ልጅም ፈተናውን ካለፈ ሹም ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ፈተና የቀረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ነው። እርግጥ የድሃ ልጅ ለመማር ጊዜና ገንዘብ ማግኘቱ ከባድ ነበር። ሆኖም በፈተና መሾም የሚቻል መሆኑን ዓለም ከዚህ ተምሯል።

ገበሬው ራሱ ሲመርጥ፦ 1967 ዓ.ም.

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። አዋጁ ቁጥር 31 ይባላል። በዚህ አዋጅ በየ20 ጋሻው መሬት፣ ማለትም በ800 ሄክታር ላይ፣ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። ገበሬው የማኅበሩን ሊቀ መንበር ራሱ መረጠ። ዳኞችንም ከራሱ መካከል መረጠ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ያለ ጭሰኛ ከዚያ በፊት ይህን አይቶ አያውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ ከማኅበሩ በላይ ያለው ሹመት እንደ ዱሮው ከላይ ይመጣ ነበር። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት ደግሞ ዋና ዋናው ሹመት በፓርቲው በኩል ሆነ። አገሪቱ ውስጥ ሌላ ፓርቲ አልተፈቀደም። ስለዚህ ገበሬው የቅርቡን ሰው ቢመርጥም የሩቁን ሰው አይመርጥም ነበር። ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ዛሬ፦ ሦስት በሮች

አሁን የሚሠራበት ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የወጣው ነው። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ ይናገራል። ማንም ዜጋ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው ወይም በፖለቲካ አቋሙ ሳይለይ የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ከዱሮው በደል እንዲካሱ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ያዝዛል።

ዛሬ ወደ መንግሥት ሥራ የሚያስገቡ በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ምርጫ ነው። ሁለተኛው ሹመት ነው። ሦስተኛው ቅጥር ነው። ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ «ሹመት» ይላቸዋል። ደላላም የሚጠቀመው ሰው ሦስቱን ባለመለየቱ ነው።

አንደኛው በር፦ ምርጫ

በምርጫ የሚያዘው የምክር ቤት አባልነት ነው። የቀበሌ ምክር ቤት አለ። የወረዳ ምክር ቤት አለ። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የፌዴራሉ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

18 ዓመት የሞላው ሰው ይመርጣል። ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዕጩ የሚሆነው ሰው በፓርቲ በኩል መቅረብ ይችላል። በግሉም መቅረብ ይችላል። በግል የሚቀርብ ሰው የደጋፊዎች ፊርማ ያሰባስባል። ዕጩዎችን የሚመዘግበው የምርጫ ቦርድ ነው። ቀበሌው ወይም ወረዳው አይደለም።

የወረዳው ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል የወረዳውን ዋና አስተዳዳሪ ይመርጣል። ጨፌውም ከአባላቱ መካከል የክልሉን ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪ ለመሆን መጀመሪያ በሕዝብ መመረጥ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አንሸሽግ። የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ተደርጓል። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ። ምርጫ ሲዘገይ የገበሬው በር ይጠብባል። ስለዚህ የምርጫው ቀን መቼ እንደሆነ መጠየቅ የመራጭ መብት ነው።

ሁለተኛው በር፦ ሹመት

ይህ እውነተኛው ሹመት ነው። አንዱ ባለሥልጣን ሰውን ያቀርባል፤ ምክር ቤት ተወያይቶ ያጸድቃል። ለምሳሌ ሚኒስትሮችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። የክልሉን የቢሮ ኃላፊዎች ፕሬዚዳንቱ ያቀርባሉ፤ ጨፌው ያጸድቃል። የወረዳውን የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ዋና አስተዳዳሪው ያቀርባል፤ የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል። የዞን አስተዳዳሪ ግን ከዚህ ይለያል። በኦሮሚያ የዞን አስተዳዳሪ ከክልሉ ይሾማል። መቀመጫው አምቦ የሆነው የምዕራብ ሸዋ ዞን አስተዳዳሪም እንዲሁ ነው።

ዳኛስ? የወረዳ ዳኛን የሚሾመው የወረዳው አስተዳዳሪ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ዳኛውን አስተዳዳሪው ቢሾመው ኖሮ ገበሬ አስተዳዳሪውን ከሶ እንዴት ፍርድ ያገኛል? ሾሚው ሲከሰስ ተሿሚው ይፈራል። ዱሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሹም ይከሰሳል። የሚከሰሰውም ዳኛው ነፃ ሲሆን ነው።

እንግዲህ የሹመትን በር እንዴት ይፈልጉታል? ለሹመት ማመልከቻ አይጻፍም። ማስታወቂያም አይወጣም። ሾሚው በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ይመርጣል። በተግባር ሲታይ አብዛኛው ዕጩ የሚመጣው በምርጫ ካሸነፈው ፓርቲ ነው። ስለዚህ ወደዚህ በር የሚያደርሰው ሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፓርቲ ውስጥ ገብቶ መሥራት ነው። ይህ መብት ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ሁለተኛው በሥራ መታወቅ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሒሳብ ሳያጎድል የያዘ ሰው፣ በመስኖ ወይም በትምህርት ቤት ኮሚቴ ውስጥ በቅንነት የሠራ ሰው ስሙ ይሰማል። ስም ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

ሦስተኛው በር፦ ቅጥር

አብዛኛው የገበሬ ልጅ የሚፈልገው ሥራ በዚህ በር ነው። መምህርነት፣ የግብርና ባለሙያነት፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅነት፣ ጸሐፊነት፣ የሒሳብ ሠራተኛነት ሁሉ ቅጥር ናቸው። ቅጥር በሕግ የሚሰጠው በውድድር ነው። ክፍት ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል። የሚፈለገው ትምህርት ይጻፋል። ተወዳዳሪዎች ይመዘገባሉ፣ ይፈተናሉ። ያለፈው ይቀጠራል። መጀመሪያ በሙከራ ጊዜ ይሠራል፤ ሥራው ከታየ በኋላ ቋሚ ይሆናል። የፓርቲ አባል መሆን ለቅጥር መመዘኛ አይደለም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እንመልከት። ይህ ሥራ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ታሰበ። የሚመረጡት 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ። እነዚህ የገበሬ ልጆች ናቸው። ደጅ አልጠኑም። የገቡት ትምህርት በከፈተው በር ነው።

በዚሁ በአምቦም የግብርና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1939 ዓ.ም. ነው። ያ ትምህርት ቤት እያደገ ሄዶ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚያ የወጡ የግብርና ባለሙያዎች በየወረዳው ሠርተዋል።

ለቅጥር እንዴት ይመለከታል?

1. ማስታወቂያውን አንብቡ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በጋዜጣና በሬዲዮም ይወጣል። በየጊዜው ሄዶ ሰሌዳውን ማየት ይጠቅማል። ማንበብ የተማረ ሰው አሁን ለዚህ የሰው እጅ አይጠብቅም።

2. ሦስት ነገር ለዩ። የሚፈለገው ትምህርት ምንድን ነው? ምዝገባው የሚያልቀው በስንት ቀን ነው? የሚመዘገበው የት ነው?

3. ማስረጃ አዘጋጁ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ካለ የልምድ ወረቀት፣ የመታወቂያ ቅጂ ያስፈልጋል። ዋናውን ለማሳየት ያዙ፤ ቅጂውን ስጡ። ዋናውን ለማንም ትታችሁ አትሂዱ። በሐሰተኛ ማስረጃ መቀጠር ወንጀል ነው፤ ከዓመታት በኋላም ያስይዛል።

4. ማመልከቻ ጻፉ። በኦሮሚያ የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ስለዚህ ለወረዳና ለዞን መሥሪያ ቤት በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ ይጻፋል። በፊደል ብቻ የተማረ ሰው ቁቤን ከልጁ ጋር ሆኖ ቢማር ይጠቅመዋል።

5. ስትመዘገቡ ስማችሁ በመዝገቡ ላይ መስፈሩን በዓይናችሁ እዩ። የመዝገቡን ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ።

6. ውጤቱን ጠብቁ፤ ሲወጣም አንብቡ። ማን አለፈ? በስንት ነጥብ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማመልከቻ አጭር መሆን አለበት። ልመናና ውዳሴ አያስፈልገውም። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን ....................

ለ.................... መሥሪያ ቤት
....................

ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለ ማቅረብ

እኔ ስሜ .................... የሆነው አመልካች በ.................... ወረዳ በ.................... ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ በቀን .................... ባወጣው ማስታወቂያ በ.................... የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር እፈልጋለሁ። የትምህርት ደረጃዬ .................... ነው። .................... ገጽ ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስም ....................
ፊርማ ....................
ስልክ ....................

ይኸው ነው። ማመልከቻው ከዚህ አይበልጥም። ለዚህ ለጸሐፊ ብዙ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

«ሰው አለኝ» የሚል ሲመጣ

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ ደላላ እንመለስ። ደላላው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ይህ ሥራ በምርጫ ነው፣ በሹመት ነው ወይስ በቅጥር?» በምርጫ ከሆነ ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ነው። በሹመት ከሆነ የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። በቅጥር ከሆነ የሚወስነው ፈተና ነው። ከሦስቱ በአንዱም ለደላላ እጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። መንግሥት የሚያስከፍለው ክፍያ ካለ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጣል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ጉቦ ወይም ማታለል ነው።

በሕግ ጉቦ የተቀበለም የሰጠም ይቀጣል። ያቀባበለም ይቀጣል። «ባለሥልጣን አውቃለሁ» ብሎ ገንዘብ መውሰድም ወንጀል ነው። ይህ በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ተጽፏል። ስለዚህ በሬውን ሸጦ ጉቦ የሰጠ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በሬውን ያጣል። በሕግም ይጠየቃል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ቢታለልም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ደፍሮ ይወስዳል።

ጉቦ ጉዳቱ ከአንድ ቤት አያቆምም። በገንዘብ የገባ ሰው ገንዘቡን መመለስ ይፈልጋል። ከማን ይመልሳል? የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ሊያወጣ ከሚመጣው ገበሬ ነው። ማዳበሪያ ሊወስድ ከሚመጣው ገበሬ ነው። ስለዚህ አንድ አባት ለልጁ ብሎ የከፈለውን ጉቦ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቀስ በቀስ ይከፍሉታል። የዱሮው «ሲሾም ያልበላ» በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው።

በደል ሲደርስስ?

ፈተናውን አልፈው ሥራው ለሌላ ቢሰጥ ወይም ሳይመዘግቡ ቢመልሷችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ በጽሑፍ አቅርቡ። ቀኑን ጻፉ፤ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። መልስ ካጣችሁ ከእሱ በላይ ላለው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ጉቦ ከተጠየቃችሁ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና መሥሪያ ቤት ንገሩ። ከዚህም ሌላ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ይህ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። ሥራው ስሙ ነው፤ በአስተዳደር በደል የሚያለቅስን ሰው አቤቱታ ይሰማል፣ ይመረምራል። አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቅሬታ ማቅረብ ዘወትር ያሸንፋል ማለት አይደለም። ሊዘገይ ይችላል። መልስ የማይሰጥ ሹምም አለ። ነገር ግን የተጻፈ ቅሬታ አይጠፋም። ብዙ ሰው በአንድ ጉዳይ ከጻፈ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሊሸሸው አይችልም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ!

የተሾመው ሰውስ ግዴታው ምንድን ነው?

ሹመት ያገኘ ሰው ሥራው እዚያ አያበቃም፤ ገና መጀመሩ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዝዛል። ከመሾሙ በፊት ምን እንደነበረው፣ ከተሾመ በኋላ ምን እንዳለው እንዲታወቅ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ሹም ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል። ሕዝብ በመረጠው ሰው ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ያለ ነው። በሥራ ላይ የሚውለው ግን ሕዝቡ ሲያውቀውና ሲጠይቅበት ነው።

ዱሮ የገበሬ ልጅ ሹመት ቢፈልግ የጌታ ደጅ መጥናት ነበረበት። ዛሬ ሦስቱ በሮች በሕግ ተጽፈዋል። ሆኖም የተጻፈውን የማያነብ ሰው ዛሬም ደጅ እንደጠና ይኖራል። ልዩነቱ ደጁ የደላላ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አንብቡ፣ በሩን ለዩ፣ ማመልከቻውን በእጃችሁ ጻፉ። በሬውም ለእርሻ ይቆይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደጅ ጥናት ምን ማለት ነበር? ለገበሬ የማይሆነውስ ለምንድን ነው?
2. ከገዳ ሥርዓት ስለ ሥልጣን ምን እንማራለን?
3. የወረዳ ዋና አስተዳዳሪ፣ የወረዳ ዳኛና የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ በየትኛው በር ይገባሉ?
4. ጉቦ ከፍሎ ሥራ የገባ ሰው ገንዘቡን ከማን ይመልሳል?
5. በወረዳችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳው የት ነው? በዚህ ሳምንት ምን ተለጥፏል? ሄዳችሁ አንብቡና ለማታው ተሰብሳቢ ንገሩ።